በአንድ ስልክ አምስት ወረፋ

ሥራዬን ያስረከብኩት ባለፈው ሐምሌ ነው። ዝናቡ የወልቂጤውን ክሊኒክ ቆርቆሮ እየወቀጠ፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ሽኩር እየጮኹ፣ እኔም እየጮኽኩ የይለፍ ቃሎቹን አንድ በአንድ አስጻፍኳቸው።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ሌላ የቀረ የለም?»

«የቀረው ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።»

«እሱንም ጽፈው ቢሰጡን ደግ ነበር!» አሉና ሳቁ። ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ሄድኩ። እሳቸው ለቀልድ ያሉትን እኔ ግን ከልቤ ወሰድኩት። ስድሳ ዓመት ሞልቶኛል፣ ቡታጅራ ቤቴ ቁጭ ብያለሁ፣ ጊዜ አለኝ። እንግዲህ ልጻፈው።

ሥራዬ ምን እንደነበር ለጎረቤቶቼ አስረድቼ ተሳክቶልኝ አያውቅም። ግማሾቹ «ስልክ ትጠግናለች» ይላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ ባንክ የምሠራ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው ስልኩ ላይ «ክፈል» የሚለውን ሲጫን ብሩ ከሞባይል ሂሳቡ ይወጣል። ትምህርት ቤቱ ወይም ክሊኒኩ የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ደግሞ ብሩ በእውነት መውጣቱን ማወቅና ደረሰኙን ወይም ወረፋውን መስጠት አለበት። ሁለቱ በራሳቸው አይተዋወቁም። እኔ ነበርኩ የማስተዋውቃቸው።

ኮሌጅ አልገባሁም። ቡታጅራ አንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ሆኜ ነው የጀመርኩት። ኮምፒውተር መጣ ተባለና ዳንቴል ለብሶ አንድ ክፍል ውስጥ ተቆለፈበት። ለስምንት ወር ማንም አልነካውም። አለቃችን ለስብሰባ የሄዱ ጊዜ ቁልፉን አግኝቼ ከፈትኩት። ሲመለሱ ዳንቴሉ ተጣጥፎ ወንበር ላይ ነው።

«አስካለ! ቫይረስ አስገባሽበት?»

«አይ ጌታዬ፣ የደመወዝ መክፈያውን ነው ያስገባሁበት።»

በዚያ ወር ደመወዝ ከወትሮው ሦስት ቀን ቀድሞ ስለወጣ ከዚያ ወዲያ ቁልፉን የጠየቀኝ የለም። የቀረውን ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገልኩ፣ ሽፋኑ ከተቀደደ መጽሐፍ፣ ኋላም ከኢንተርኔት ተማርኩት። ከመሥሪያ ቤቱ ለቅቄ ገበያው አጠገብ አንዲት ሱቅ ተከራየሁ፤ ማመልከቻ እየጻፍኩ፣ ፎቶኮፒ እያነሳሁ፣ በመሃል በመሃሉ ለነጋዴዎች ትንንሽ ሶፍትዌር እሠራ ነበር።

ሰው ያደረገኝ ግን ጋሽ ሙላቱ ነው። ጋሽ ሙላቱ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የስልክ ቴክኒሻን ነበር፤ እዚሁ አገባ፣ እዚሁ ወለደ፣ እዚሁ ጡረታ ወጣ። ቡታጅራ ውስጥ እሱ ያልወጣበት የስልክ ምሰሶ የለም። ኮድ መጻፍ አይችልም ነበር፤ ኮድ የሚጽፍ ሰው ግን የት ላይ እንደሚያታልል ያውቃል።

የመጀመሪያውን የክፍያ ሥራ የሠራሁት ለአንድ የግል ትምህርት ቤት ነው። ወላጆች ወርኃዊውን ክፍያ በስልክ እንዲከፍሉ። ጨርሼ፣ ኮርቼ፣ ጋሽ ሙላቱን ጠራሁት። ቁጭ አለ፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። እኔ እያሳየሁት «ክፈል» የሚለውን ተጫንኩ። ይሄኔ እጁን ዘርግቶ የኔትወርኩን ገመድ ነቀለው።

«አሁንስ?» አለኝ።

«ምን አሁንስ! ነቀልከው እኮ!»

«እኔ ባልነቅለው ዝናቡ ይነቅለዋል። ብሩ አሁን የት ነው ያለው?»

ከከፋዩ ስልክ ወጥቷል፣ ትምህርት ቤቱ ግን አያውቅም። እንደገና ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢቆረጥ፣ ሶፍትዌሩ ሲነቃ «መልስ ያላገኘሁባቸው ክፍያዎች የትኞቹ ናቸው?» ብሎ ራሱ ሄዶ የሞባይል ገንዘቡን ሰርቨር እንዲጠይቅ አደረግኩት። ጋሽ ሙላቱ ተመልሶ መጣና አሁን ደግሞ ኮምፒውተሩን ራሱን አጠፋው። ሶፍትዌሩ ተነሣ፣ ሠራ። «ደህና ነው» አለኝ። ከእሱ አፍ «ደህና ነው» ማለት ከሌላ ሰው ሽልማት ይበልጣል።

ሌላም ልማድ ነበረው። በሥራ ዘመኑ መስመር ጠግኖ ሲጨርስ ባለቤቱን «ይሠራል?» ብሎ አይጠይቅም። ሰው ይሉኝታ ይዞት «ይሠራል» ይላላ! እሱ ማዕከሉ ድረስ ተመልሶ፣ ከዚያ ደውሎ፣ ስልኩ ሲነሣ ሰምቶ ነው የሚያምነው። ይሄ ለእኔ ምን እንደሚያስተምረኝ የገባኝ አንድ ነጋዴ ሱቄ ሲመጣ ነው። የሦስት ልጆች አባት ናቸው።

«እህቴ፣ ይሄ የሠራሽው ነገር ያስፈራል» አሉኝ።

«ምን አደረገዎት?»

«ባለፈው ወር ስከፍል የመጣውን ገጽ ዛሬ ብከፍተው እንደገና ‹ተከፍሏል› ብሎ ደረሰኝ ሰጠኝ። እኔ ደግሞ አልከፈልኩም። ነገ ልጄ ትምህርት ቤት ‹አባትሽ ሌባ ነው› ብትባልስ?»

ለካ ሶፍትዌሬ የሚያምነው የከፋዩን ስልክ ነበር። ስልኩ «ተከፍሏል» ካለ ይበቃዋል። ከዚያን ቀን በኋላ በሠራሁት ሥራ ሁሉ የከፋይ ስልክ የሚያሳየው ገጽ ለዓይን ማሳረፊያ ብቻ ሆነ፤ ደረሰኝ የሚቆረጠው የእኛ ሰርቨር የእነሱን ሰርቨር በቀጥታ ጠይቆ፣ ብሩን፣ መለያ ቁጥሩንና የዲጂታል ማኅተሙን አመሳክሮ ነው። ይህንን ካወቅኩ በኋላ በሥራዬ የምፈራው ነገር አልነበረም። ትምህርት ቤቶች፣ የዘር መሸጫ፣ የሚኒባስ ማኅበር ሁሉ እየጠሩ አሠሩኝ፤ የሚሰጡኝ ብር ቤት አሠርቶልኛል፣ ከዚህ በላይ ስለሱ አልናገርም።

አለመፍራቴ ግን አንድ ጊዜ ሌላ ሰው ላይ ዕዳ ጣለ። የቀረው ታሪኬ እሱ ነው።

ወልቂጤ አቶ ሽኩር የሚመሩት የግል ክሊኒክ አለ። የዓይን ሞራ የምታወጣ ሐኪም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በጥቅምት፣ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ ሁለት ቀን ሠርታ ትመለሳለች። ድሮ ሰው ወረፋ ለመያዝ ከየገጠሩ መጥቶ በሩ ላይ ይከርም ነበር። ሽማግሌና አሮጊት፣ ያውም የማያዩ። እኔ የመመዝገቢያውን ክፍያ በስልክ አደረግኩት፦ ይከፈላል፣ የወረፋ ቁጥር በመልእክት ይመጣል፣ ሰው በቀኑ ብቻ ይመጣል።

የመጀመሪያው ዙር አንዲት እንከን ነበረችበት። ኔትወርክ ሲዘገይ ሰው ትዕግሥት የለውም፤ «ክፈል»ን ሦስት አራት ጊዜ ይጫናል፣ ሦስት አራት ጊዜ ይከፍላል፣ ሦስት አራት ወረፋ ይይዛል። አቶ ሽኩር ብር ሲመልሱ ሰነበቱ። «ወይዘሮ አስካለ፣ ይሄንን አንድ ነገር ያድርጉት!» አሉኝ። አደረግኩት። በአንድ ከሰዓት፣ በጥቂት መስመር፦ ከአንድ ስልክ፣ አንድ ዓይነት ብር፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደጋግሞ ከመጣ የመጀመሪያውን ተቀበል፣ የቀረውን «ድጋሚ» በለው። ራሴ ስልክ ላይ ሞከርኩት፣ ሠራ። ጋሽ ሙላቱን አልጠራሁትም። ለዚህች ትንሽ ነገር ከቡታጅራ ድረስ ለምን አደክመዋለሁ አልኩ።

ሚያዝያ ደረሰ። ሐኪሟ ቅዳሜ ልትገባ ሐሙስ ዕለት ስልኬ ጮኸ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እህቴ። ረህመት እባላለሁ፣ ከእምድብር ወዲያ ሱቅ አለኝ። ስልክ የሌላቸው አምስት ሰዎች ብራቸውን ሰጥተውኝ ለዓይን ብከፍል አንድ ቁጥር ብቻ ነው የመጣልኝ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ምናልባት ደጋግመሽ ተጭነሽው ይሆናል።»

«ደጋግሜማ ተጫንኩ! አምስት ሰዎች ናቸዋ!»

ስቄ ነበር፤ ይሄንን አልደብቅም። «እህቴ፣ ሲስተሙ ያየው አንድ ክፍያ ነው። ትርፍ የተቆረጠ ካለ ይመለስልሻል። ሲስተሙ አይሳሳትም» አልኳት።

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ...» አለችና ዘጋችው።

መዝገቡን ብከፍት ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። አልከፈትኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ረህመት አምስቱንም ይዛ በሚኒባስ መጣች። ሦስት ወንዶች፣ ሁለት ሴቶች፤ አንዱ የአንዱን ነጠላ፣ አንዱ የአንዱን ትከሻ ይዞ በተርታ ገቡ። የተጠራው አንድ ቁጥር ነው። ረህመት ስልኳን ከፍ አድርጋ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ብሩ ሲቆረጥ የደረሷትን አምስት የክፍያ መልእክቶች አነበበችልኝ። አምስት የተለያየ መለያ ቁጥር። ላፕቶፔን አግዳሚው ላይ ከፈትኩ። አምስት መስመር አለ፤ አራቱ ፊት «ድጋሚ» የሚል ቃል። እኔ የጻፍኩት ቃል።

አቶ ሽኩር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «የሞባይል ገንዘቡ ድርጅት ጥፋት ነው እንበል? ሰው ያምናል።»

ያምን ነበር። «አይሆንም» አልኳቸው። «የእኔ ነው።»

የቀሩት ወረፋዎች በሙሉ ለሌሎች ሰዎች ተሰጥተዋል፤ እነሱም ከፍለው፣ ከሩቅ መጥተው። ሐኪሟ ጋ ገብቼ ነገርኳት። የያዘችውን ቆጠረች። «ሦስት ልጨምር እችላለሁ» አለች። «ለአምስተኛው ሌንስ የለኝም። በጥቅምት።»

ወጥቼ ለአምስቱ ልነግራቸው ፊታቸው ቆምኩ። አንደኛዋ እናት «ቁጭ በይ። ቆሞ የሚናገር ሰው ድምፁ ከሰማይ ነው የሚመጣው፣ ወዴት እንደምንዞር አናውቅም» አሉኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ምን እንዳደረግኩ፣ ረህመት ስትደውል ምን እንዳልኳት፣ ምንም ሳላስቀር ነገርኳቸው። አማርኛ ነበር የምንነጋገረው፤ የእኔና የእነሱ ጉራጊኛ አይግባባም። ከዚያ በራሳቸው ቋንቋ ተማከሩ። ምክሩ ረዘመ። በመጨረሻ ከመካከላቸው ረጅሙ፣ አባባ ዘርጋ፣ በአማርኛ ተናገሩ።

«የእኔ ይቆይ። እኔ ጥላና ብርሃን እለያለሁ። እነሱ ግድግዳ ዳብሰው ነው የሚሄዱት።»

ረህመት ክንዴን ያዘችኝ። «ውሸታቸውን ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። «ጠዋት የሚኒባሱ በር ግንባራቸውን መትቷቸዋል።»

አባባ ዘርጋ ቤት ሠሪ ናቸው። ያን ትልቁን የጉራጌ ጎጆ፣ ምሰሶውን በዓይናቸው ብቻ ለክተው የሚያቆሙ። አራት ልጆች አዲስ አበባ አሏቸው። ለመስቀል ሁሉም ይመጣሉ። የዓይናቸው ነገር ግን ለአንዳቸውም አልተነገረም፤ ባለፈው መስቀል እያንዳንዳቸውን በሳል፣ በኮቴ፣ በሳቅ እየለዩ አታልለው አሳልፈዋል። በሚያዝያ ሞራው ወጥቶ በመስከረም ልጆቻቸውን አይተው፣ ነገሩ እንዲሁ ተደብቆ እንዲቀር ነበር ምኞታቸው። ይሄንን የነገረችኝ ረህመት ናት።

«አባባ፣ በራሴ ወጪ አዲስ አበባ ልውሰድዎት» አልኩ።

«አዲስ አበባ ከሄድኩ ከልጆቼ ሌላ የት አድራለሁ? ያኔ ተደበቀ?»

አጠገባቸው የተቀመጡት ሽማግሌ ፍርዱን ሰጡ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «እንግዲህ ልጅት፣ እኛ ካሳ አንልሽም። ዘንድሮ እስከ ጥቅምት መደበቁ አይሆንለትም፤ ለመስቀል ልጆቹ ሲሰበሰቡ ከዚህ ሰው ቤት ትመጫለሽ። አባታቸው ለምን እንደማያይ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ። እሱ ቸልተኛ ተብሎ አይወቀስም።»

«እሺ» አልኩ። አራቱ ገቡ። አባባ ዘርጋ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጠበቋቸው።

በማግሥቱ ጋሽ ሙላቱ ተራራውን ተሻግሮ ወልቂጤ መጣ፤ አልጠራሁትም፣ ሰምቶ ነው። አልተቆጣኝም።

«ማን ስልክ ላይ ሞከርሽው?»

«እኔ ስልክ ላይ።»

«ለማን ከፈልሽ?»

«ለራሴ።»

«እዚህ አገር ለራሱ ብቻ የሚከፍል ማን አለ?»

ልጅ ሆኜ እናቴ ወፍጮ ቤት ስትሄድ የሰፈሩን እህል ሁሉ ይዛ ነው የምትሄደው። እያንዳንዱ ስልቻ አፉ ላይ የባለቤቱ ጨርቅ ይታሰራል፤ ቀዩ የማን፣ ነጩ የማን እንደሆነ ባለወፍጮው ያውቃል። «አንቺ ቅድም አስፈጭተሻል» ብሎ ሰባት ስልቻ መልሶባት አያውቅም። እኔ የዚያች ሴት ልጅ ሆኜ፣ ስልክ ሁሉ አንድ ባለቤት ብቻ ያለው አድርጌ ጻፍኩ።

ያችን የአሥር ደቂቃ ሕግ ደመሰስኩ። ምዝገባ ሲከፈት እያንዳንዱ ወረፋ ገና ብር ሳይወጣ የራሱ ቁጥር ይታሰርለታል። ያው ቁጥር ሁለት ጊዜ ከመጣ በእርግጥ ድጋሚ ነው፤ የተለየ ቁጥር ከሆነ ግን ከአንድ ስልክ መቶ ጊዜም ቢመጣ መቶ ሰው ነው። ከሁሉ አስቀድሞም «ለስንት ሰው?» ብሎ ይጠይቃል። ጋሽ ሙላቱ በአንድ ስልክ አንድ አንድ ብር እየከፈለ አሥራ ሁለት ወረፋ ያዘ፣ በመሃል ሁለት ጊዜ ራውተሩን አጠፋብኝ። አሥራ ሁለቱም መጡ። በኋላ የሠራሁት ማንኛውም ሥራ በዚህ መንገድ ነው የተሠራው፣ አንዱም አልወደቀም።

መስቀል መጣ። ከሚኒባስ ወርጄ፣ በእንሰቱ መሃል ባለው ጭቃ መንገድ ከረህመት ጋር ሄድኩ። ቤቱ በሰው ሞልቷል። አባባ ዘርጋ ምሰሶው ሥር ተቀምጠዋል፣ ልጆቻቸው ዙሪያቸውን ከበዋል። ክትፎው ገና አልቀረበም።

«መጣሽ?» አሉኝ በድምፄ ለይተው። «ተናገሪ እንግዲህ፣ ሰው ሳይበላ።»

ተናገርኩ። ስጨርስ ትልቋ ልጃቸው አስቴር ወደ እኔ ሳይሆን ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ! አምና ሻርብሽ ያምራል ብለኸኝ ነበር!»

«አያምርም ነበር እንዴ?»

ወንድሞቿ ሊስቁ ፈለጉ፣ እሷ ግን እያለቀሰች ነው። ቀጥሎ የእኔ ተራ ደረሰ። «አንቺስ? ረህመት ስትደውልልሽ ለምን አልሰማሻትም?»

ስለ ኮድ ልነግራት እችል ነበር። «ከሷ ይልቅ የራሴን ሥራ ስላመንኩ ነው» አልኳት።

እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ጥቅምት መቼ ነው ሐኪሟ የምትመጣው?» አለች በመጨረሻ። አባባ ዘርጋ እጃቸውን አወዛወዙ። «በቃ፣ ተናግራለች። ቆጮ ስጧት።»

በጥቅምት ረህመት ለስድስት ሰው ከፈለች፤ ስድስት ቁጥር መጣላት። ደውላ «ስድስት ነው የመጣው፣ ሲስተምሽ ታሟል እንዴ?» አለችኝ። አስቴር ፈቃድ ወስዳ ከአዲስ አበባ መጣች። ሞራው ወጣ። በማግሥቱ ጠዋት ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አባባ ዘርጋ ልጃቸውን ብዙ ደቂቃ አዩዋት፣ እጃቸውን ወደ ራሷ ላኩ።

«ሸብተሻል» አሏት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ማን እንደሆንኩ የነገራቸው የለም፤ ግን አወቁኝ። «እስቲ ያ መልእክት የሚሉትን አሳዩኝ» አሉ። ረህመት ስልኳን ሰጠቻቸው። ራቅ፣ ቀረብ እያደረጉ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። እንደገና አነበቡት።

«ረህመት ይላል። ቁጥርም ይላል» አሉ። «ዘርጋ የሚል ግን የለም። ዓይኑ የማን ነው?»

እውነታቸውን ነበር። ሶፍትዌሩ የከፋዩን ስም ብቻ ነበር የሚጽፈው። በስንት ዓመት ሥራዬ አንድም ሰው ይሄንን አልጠየቀኝም።

«አባባ፣ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁኛል?»

«ዛሬ የምቸኩልበት የለም። ገና የማየው ብዙ ነው» አሉና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ላፕቶፔን ከፈትኩ። እሳቸው የሚያልፈውን ባጃጅ ሁሉ፣ የቆርቆሮውን ዝገት፣ የእኔን ጣቶች እያዩ ቆዩ። የመልእክቱን ጽሑፍ ቀየርኩ፣ የታካሚው ስም የሚሞላበት ቦታ ጨመርኩበት፣ ሞከርኩ፣ ወደ ዋናው ሰርቨር አወጣሁት፣ የእሳቸውንም ወረፋ በስማቸው እንደገና ላክሁ።

የረህመት ስልክ ጮኸ። አባባ ዘርጋ ከእጇ ወሰዱት። በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠሩ ስማቸውን አነበቡ።

«አሁን ገና የከፈልኩ መሰለኝ» አሉና ስልኩን መለሱላት።